የማይገኝ ጽሁፍ እንዳልተጻፈ ነው



ውድ የመስጂድ ጀማዓዎች! በየመስጂዳችን ብዙ ይጻፋል። የጁሙዓ ኹጥባ ይተየባል፤ የመድረሳ ምዝገባ ይለጠፋል፤ የጀናዛ ሰዓት ይነገራል፤ ለተቸገረ ወገን መዋጮ ይጠየቃል፤ የዓሊሞቻችን የሕይወት ታሪክ ይዘጋጃል። ይህ ሁሉ ድካም ግን በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ በቴሌግራም ቻናልና በፌስቡክ ገጽ ላይ ወደ ታች እየወረደ ከዓይን ይሰወራል። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ ጉግል ላይ የመስጂዱን ስም ቢጽፍ የሚያገኘው ወይ ምንም ነው፣ ወይም ሌላ ሰው ስለ እኛ የጻፈውን ነው።

የምንለው ግልጽ ነው። የመስጂድ ኮሚቴዎቻችንና ወጣቶቻችን የሚጽፉትን በራሳቸው ድረ ገጽ ላይ ማስቀመጥ፣ ያንንም ድረ ገጽ የፍለጋ ሞተሮች እንዲያገኙት አድርገው መስራት አለባቸው። ነገሩ የባለሙያ ምስጢር አይደለም፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጥቂት ሰዓት፣ ጥንቃቄና ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ነው። እስካሁን ያልተደረገው አቅም ጠፍቶ ሳይሆን ጉዳዩ እንደ ቁም ነገር ስላልተቆጠረ ነው።

ማን ነው የሚፈልገን?

ጂዳ ወይም ሪያድ በስራ ላይ ያለች እህት አገር ቤት ላለ ልጇ መድረሳ ትፈልጋለች። ዋሽንግተን ተወልዶ ያደገ ወጣት ስለ ነጃሺ፣ ስለ ሐረር ጁገል፣ ስለ ወሎ ዓሊሞች ማወቅ ይፈልጋል። ለመንገድ አዲስ ከተማ የገባ ሾፌር ቅርብ ያለ መስጂድና የሶላት ሰዓት ይፈልጋል። ጋዜጠኛው፣ ጠበቃው፣ ተመራማሪው ስለ አንድ ክስተት ምን ተጻፈ ብሎ ይጠይቃል። እነዚህ ሁሉ የእኛን ቻናል ስም አያውቁም። ቻናላችንን የሚከታተለው ቀድሞውኑ የሚያውቀን ሰው ነው፤ ጉግል ላይ የሚጠይቀው ግን የማያውቀን ነው። ለማያውቀን ሰው መልስ ካላስቀመጥን መልሱን ሌላው ይሰጥልናል። በኋላ «ስማችን ጠፋ፣ ታሪካችን ተዛባ» ብሎ ማማረር ሜዳውን ባዶ ትቶ መሸነፍን መቁጠር ነው።

«ሕዝባችን ያለው ቴሌግራም ላይ ነው፤ ድረ ገጽ ማን ያነባል?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ዛሬ ማታ የሚደርስ ማስታወቂያ ከሆነ እውነታቸውን ነው፤ ቴሌግራም ይፈጥናል። ነገር ግን ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የሚወጣው አብዛኛው ነገር ለፍለጋ ሞተር ዝግ ነው፣ ወይም ተበታትኖ ነው የሚታየው። ከዚህም በላይ ገጹ የእኛ አይደለም። ኩባንያው ባመነበት ቀን ቢዘጋው የዓመታት ጽሁፍ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱን አንዱ ባንዱ አንተካ። ጽሁፉ በራሳችን ድረ ገጽ ይቀመጥ፣ ሊንኩ በቴሌግራም ይሰራጭ።

ፍለጋው እንዴት ይሰራል?

ብዙ ሰው ጉግል ላይ ሲጽፍ ኢንተርኔቱ በሙሉ በዚያች ቅጽበት የሚበረበር ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ስራው በሦስት ደረጃ ይከናወናል። መጀመሪያ ተዘዋዋሪ ሮቦት የሚባል ፕሮግራም ከሊንክ ወደ ሊንክ እየተራመደ ገጾችን ይጎበኛል። ቀጥሎ ያገኘውን ገጽ አንብቦ፣ ይጠቅማል ካለ፣ ማውጫው ውስጥ ይመዘግባል። ይህ ምዝገባ ኢንዴክስ ይባላል። በመጨረሻ አንድ ሰው ሲጠይቅ ከማውጫው ውስጥ ለጥያቄው ይስማማል ያለውን በቅደም ተከተል ያቀርባል።

በትልቅ ኪታብ ቤት እንመስለው። ኪታቡ ገብቶ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ፣ መደርደሪያው ላይ ቢኖርም ጠያቂው አያገኘውም። የብዙ መስጂዶች ድረ ገጽ ችግር ወደ ኋላ መሰለፉ ሳይሆን ከነጭራሹ መዝገብ ላይ አለመስፈሩ ነው።

የእናንተ ድረ ገጽ መስፈር አለመስፈሩን ለማወቅ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ጉግል መፈለጊያ ላይ «ሳይት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፣ ሁለት ነጥብ አስከትሉ፣ ከዚያ ክፍት ቦታ ሳትተዉ የድረ ገጻችሁን አድራሻ ጻፉ። የሚመጡት ገጾች ጉግል ከመዘገባቸው ውስጥ ናቸው። ምንም ካልመጣ ምናልባት በራችሁ ዝግ ነው።

በሩን የሚዘጉት ነገሮች

አንደኛ፣ በራሳችን እጅ የተዘጋ በር። ዎርድፕረስ በሚባለው መስሪያ ድረ ገጽ ሲዘጋጅ፣ የፍለጋ ሞተሮች ይህን ገጽ እንዳይመዘግቡ የምትጠይቅ አንዲት ሳጥን በማስተካከያው ውስጥ አለች። ሰሪው ስራው እስኪያልቅ ብሎ ምልክት ያደርግባታል፤ ሲያልቅ ማንሳቱን ይረሳል። ከዚያ በኋላ ቢጻፍ ቢጻፍ ማንም አያገኘውም። «ሮቦትስ» የሚባለው ትንሽ የጽሁፍ ፋይልም እንዲሁ ነው። ለተዘዋዋሪው ሮቦት የትኛው ክፍል እንደሚፈቀድለትና እንደማይፈቀድለት ይነግራል፤ አንድ መስመር በስህተት ከገባበት መላውን ድረ ገጽ ሊዘጋ ይችላል። ሌላውን ሁሉ ከመነካካት በፊት እነዚህን ሁለቱን ተመልከቱ።

ሁለተኛ፣ ፖስተር። ማስታወቂያዎቻችን በአብዛኛው ያማሩ ስዕሎች ናቸው፤ የመድረሳው ስም፣ የምዝገባው ቀን፣ ስልኩ ሁሉ በስዕሉ ውስጥ ነው። ሰው ያነበዋል፤ የፍለጋ ሞተር ግን በስዕል ውስጥ ያለን የአማርኛ ፊደል እንደ ጽሁፍ ያነብልናል ብሎ መተማመን አይቻልም። ፖስተሩ ይቀመጥ፣ ከስሩ ግን ያው ቃል በጽሁፍ ይተየብ። ለስዕሉም አጭር መግለጫ ይሰጠው። ይህ መግለጫ የፍለጋ ሞተሩን ብቻ ሳይሆን በድምጽ አንባቢ የሚጠቀሙ ዓይነ ስውራን ወገኖቻችንንም ያገለግላል።

ሦስተኛ፣ የድሮ ፊደል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የተተየበ ጽሁፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ነው፤ የፍለጋ ሞተርም የሚያየው ያንኑ ነው። ስንት የዓሊሞች ታሪክና ስንት መጽሔት በዚህ ዓይነት ፋይል ታስሮ ተቀምጧል! ስካን ተደርጎ ፒዲኤፍ የሆነም እንዲሁ ነው፤ ገጹ ፎቶ እንጂ ጽሁፍ አይደለም። እነዚህን በዩኒኮድ እንደገና መተየብ ለየመስጂዱ ወጣቶች የክረምት ስራ ቢሆን እንዴት ባማረ!

አራተኛ፣ ስም የሌለው ገጽ። እያንዳንዱ ገጽ የራሱ ርዕስ ሊኖረው ይገባል። ብዙዎቹ ገጾቻችን ግን «ሆም» ወይም «አዲስ ገጽ» በሚል፣ ድረ ገጽ መስሪያው ራሱ በሰጣቸው ስም ቀርተዋል። ኑር መስጂድ ማለትም አይበቃም፤ ኑር መስጂድ በስንት ከተማ አለ! «ኑር መስጂድ፣ ደሴ፣ የ2018 የቁርኣን ሒፍዝ ምዝገባ» ቢባል ሰውም ሮቦትም ያውቀዋል። ርዕሱ ረጅም ከሆነ በስልክ ስክሪን ላይ ስለሚቆረጥ ዋናው ቃል ከፊት ይቅደም። ከርዕሱ ቀጥሎ በሁለት ዓረፍተ ነገር የገጹ ፍሬ ነገር ይጻፍለት።

አምስተኛ፣ ዘመድ የሌለው ገጽ። ተዘዋዋሪው ሮቦት የሚሄደው በሊንክ ነው። ከመነሻ ገጹም ሆነ ከሌላ ገጽ ሊንክ ያልተዘረጋለት ጽሁፍ መንገድ ያልገባበት መንደር ነው። የጽሁፎቹን ሁሉ ዝርዝር የያዘ ገጽ ይኑር። ሳይትማፕ የሚባለውም የአድራሻ ዝርዝር ይዘጋጅ። አንዱ ፋይል እስከ 50,000 አድራሻ ስለሚይዝ ለማንኛውም መስጂድ ከበቂ በላይ ነው፤ ብዙዎቹ ድረ ገጽ መስሪያዎችም በራሳቸው ያዘጋጁታል።

ስድስተኛ፣ ለስልክ የከበደ ገጽ። ጉግል ዛሬ የሚመዝነው በኮምፒውተር የሚታየውን ሳይሆን በስልክ የሚታየውን ገጽ ነው። የእኛም ሰው ያለው ስልክ ላይ ነው፤ ዳታውንም በብር ነው የሚገዛው። አንድ ማስታወቂያ ለማንበብ አሥር ትልልቅ ፎቶ የሚያስጭን ገጽ አንባቢውን ያባርራል። ፎቶዎቹ ይቅለሉ። የድረ ገጹ ግንኙነትም በቁልፍ ምልክት የሚታወቀው የተመሰጠረው ዓይነት ይሁን፤ ጉግል ይህን ከመመዘኛዎቹ እንደ አንዱ እንደሚቆጥረው እ.ኤ.አ. በ2014 አስታውቋል፤ ነጻ የምስክር ወረቀትም ማግኘት ይቻላል።

የአማርኛ የራሱ ጣጣ

የአጻጻፍ መለያየት ችግር አለብን። አንዱ «መስጂድ» ይላል፣ ሌላው «መስጊድ»። «ሶላት» እና «ሰላት»፣ «ረመዳን» እና «ረመዷን»፣ «ጁሙዓ» እና «ጁምዓ» ጎን ለጎን ይኖራሉ። በዚያ ላይ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ አሉ። ሰው በአንዱ ሲፈልግ በሌላው የተጻፈው ላይመጣለት ይችላል። መፍትሔው አንዱን አጻጻፍ መርጦ ሁልጊዜ በርዕስ መጠቀም፣ ሌላውን የተለመደ አጻጻፍ ደግሞ በጽሁፉ ውስጥ በተፈጥሯዊ ቦታው አንድ ጊዜ ማስገባት ነው። አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፍ ወጣትም ብዙ ስለሆነ የመስጂዱ ስም በዚያም ፊደል አንድ ቦታ ይገኝ። በአፋን ኦሮሞ፣ በስልጥኛ፣ በአፋርኛ፣ በሶማሊኛ የሚያገለግል መስጂድ ደግሞ ለየቋንቋው የራሱን ገጽ ያውጣ እንጂ ሁሉንም ባንድ ገጽ አይቀላቅል።

ቀንም እንዲሁ። «ነገ ከዙህር በኋላ» የሚል ማስታወቂያ ከሁለት ዓመት በኋላ ለሚያገኘው ሰው ትርጉም የለውም፤ እንዲያውም ያሳስተዋል። ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት ይጻፍ። ውጭ አገር ላሉት የፈረንጁ ቀን ይጨመር፤ ለዒድና ለረመዳን ጉዳይ ሂጅሪውም አብሮ ይቀመጥ።

ደላሎችን ተጠንቀቁ

«ጉግል መጀመሪያ ገጽ ላይ እናወጣችኋለን፣ ዋስትና እንሰጣለን» እያሉ ከኮሚቴዎች ገንዘብ የሚጠይቁ አሉ። ልብ በሉ፤ ጉግል አንድን ገጽ በመደበኛው የፍለጋ ውጤት ውስጥ ለመመዝገብም ሆነ ከፍ ለማድረግ ገንዘብ አይቀበልም። የሚከፈልበት ማስታወቂያ ብቻ ነው፤ እሱም ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፎበት ለብቻው ይወጣል። ስለዚህ የአንደኛነት ዋስትና የሚሰጥ ሰው የሌለውን ነው የሚሸጠው። ቃልን እየደጋገሙ ገጹን መሙላት፣ በነጭ ላይ በነጭ የተደበቀ ጽሁፍ መጻፍ፣ ሊንክ መግዛት ማጭበርበር ነው፤ ሲታወቅም ድረ ገጹን ወደ ታች ያወርዳል፣ አልፎም ያስወጣል። ቁልፍ ቃል እያሉ በገጹ ጀርባ የሚደረድሩትን ዝርዝር ጉግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 ተናግሯል፤ ዛሬም በሱ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ገጥሟችሁ ይሆናል።

የመስጂድ ገንዘብ የሕዝብ ሰደቃ ነው። በነጻ የሚሰራ ነገር አለ። ሰርች ኮንሶል የሚባለውን የጉግል መሳሪያ፣ የቢንግንም ተመሳሳዩን፣ ያለ ክፍያ መክፈት ይቻላል። የድረ ገጹ ባለቤት መሆናችሁን ታረጋግጣላችሁ፣ ሳይትማፑን ታስገባላችሁ፣ አዲስ ገጽ ስታወጡ እንዲጎበኝ ትጠይቃላችሁ። የትኛው ገጽ እንደተመዘገበ፣ ያልተመዘገበው በምን ምክንያት እንደቀረ፣ ሰዎች ምን ብለው ፈልገው እንደመጡ ያሳያችኋል። ዛሬ ጠይቃችሁ ነገ አትጠብቁ፤ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል፤ ጥያቄውን መደጋገምም አያፋጥነውም።

ከሁሉ የሚበልጠው እርዳታ ያለው በእጃችን ነው። አንዱ መስጂድ የሌላውን መድረሳ በቁም ነገር ሲጠቅስ ሊንኩን ያስቀምጥ። የከተማው መስጂዶች ዝርዝር ያለው ሰው ከነአድራሻቸው ያውጣው። እውነተኛ ሊንክ ለሮቦቱ መንገድ፣ ለአንባቢውም ምስክር ነው።

መገኘት የሌለበትም አለ

ይህን ጉዳይ ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። ሁሉ ነገር ይገኝ አላልንም። የዘካ ተቀባዮች ስም ዝርዝር፣ የየቲሞች ፎቶ፣ የእህቶች ስልክ ቁጥር፣ ስማቸው እንዳይጠራ የጠየቁ ሰዎች መዋጮ በድረ ገጽ ላይ መቀመጥ የለበትም። «ሊንኩን ለማንም አልሰጠንም» ማለት ዋስትና አይሆንም። አንድ ሰው በግልጽ ቦታ ላይ ከለጠፈው ሮቦቱ ተከትሎ ይገባል። «ሮቦትስ» ፋይል ላይ መከልከልም መደበቅ አይደለም፤ ያ ፋይል ራሱ ማንም ሊከፍተው የሚችል ነው፤ የተከለከለውም አድራሻ በፍለጋ ውጤት ላይ ሊታይ ይችላል። ምስጢር የሆነ ነገር በይለፍ ቃል ይቆለፍ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ኢንተርኔት ላይ አለማውጣት ነው። የድሃ ገመና አማና ነው።

ድረ ገጹ የማን ነው?

ሌላው ሳይነሳ የማይታለፍ የኮሚቴዎች ቸልተኝነት ነው። ድረ ገጹን የሰራው ወጣት ወደ ዓረብ አገር ይሄዳል፤ የይለፍ ቃሉ አብሮት ይሄዳል። የድረ ገጹ ስም፣ ማለትም ዶሜይኑ፣ በሱ ስም ነው የተመዘገበው። የእድሳቱ ቀን ያልፋል፤ ስሙን ሌላ ሰው ይገዛዋል። ትናንት የመስጂዱን ታሪክ ይዞ የነበረው አድራሻ ነገ የቁማር ማስታወቂያ ሲሰራበት ማየት ውርደት ነው። ዓመታት የፈጀ ሊንክና መታመንም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ዶሜይኑ በመስጂዱ ስም ይመዝገብ፣ የይለፍ ቃሉ ቢያንስ በሁለት ኃላፊዎች እጅ ይሁን፣ የእድሳቱ ቀን በኮሚቴው መዝገብ ይጻፍ። ድረ ገጹን ለመቀየር ስትነሱም የድሮዎቹን አድራሻዎች ወደ አዲሶቹ አስተላልፉ፤ ያለዚያ የተመዘገበው ሁሉ የሞተ ሊንክ ይሆናል።

«ቢዘጉብንስ?» የሚል ጥያቄም ይመጣል። አገራችን የድረ ገጽ መዘጋትን ታውቀዋለች፤ በሰኔ 2010 ዓ.ም. ከ200 በላይ ተዘግተው የነበሩ ድረ ገጾች መከፈታቸው ተነግሯል። ልዩነቱን ግን እንወቅ። የአገር ውስጥ እገዳ አገር ውስጥ ያለውን አንባቢ ነው የሚከለክለው። የጉግል ሮቦት በአብዛኛው የሚመጣው ከአሜሪካ ስለሆነ ገጹ ከማውጫው በዚህ ምክንያት ብቻ አይሰረዝም። ራሳችን ያልጻፍነው፣ ጽፈንም በፖስተር ውስጥ የቀበርነው ግን ማንም ሳይዘጋው ዝግ ነው። የሌላውን መቆለፊያ ከመፍራት በፊት የራሳችንን ሳጥን እናንሳ።

ከዚህ ጁሙዓ እስከሚቀጥለው

ውድ ጀማዓዎች! ነገሩ በንግግር እንዳይቀር በዚህ ሳምንት እያንዳንዱ መስጂድ የሚከተሉትን ይፈጽም፦

ኮሚቴው ኃላፊነት የሚሰጣቸው ሁለት ሰዎች ይምረጥ፤ አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱ ቴክኒኩን የሚያውቅ። እህቶች በዚህ ስራ ከፊት ይሁኑ።

ድረ ገጽ ያለው መስጂድ በጉግል ላይ መመዝገቡን ከላይ በተነገረው መንገድ ይመልከት፤ የተዘጋውን ይክፈት። ሰርች ኮንሶል ላይ ይመዝገብ፣ ሳይትማፑን ያስገባ።

ድረ ገጽ የሌለው መስጂድ አምስት ገጾች ብቻ ይዞ ይጀምር፤ የመስጂዱ ታሪክ፣ አድራሻና የሶላት ሰዓት፣ መድረሳ፣ የጀናዛና የእርዳታ አገልግሎት፣ የኹጥባዎች ዝርዝር። እነዚህ አምስቱ በትክክል ቢጻፉ ከመቶ ፖስተር ይበልጣሉ።

በየሳምንቱ አንድ ኹጥባ ወይም አንድ የአረጋዊ ዓሊም ትዝታ በዩኒኮድ ተተይቦ፣ ርዕስ፣ ቀንና የቦታ ስም ይዞ ይውጣ። በዓመት ሃምሳ ጽሁፍ ማለት ነው። በየከተማው አሥር መስጂድ ይህን ቢያደርግ በአንድ ዓመት ውስጥ ስለ እኛ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው መልስ ይለወጣል።

ሽማግሌዎቻችን በቃል የያዙትን እየያዙ ወደ አኺራ እየሄዱ ነው። ከነሱ የሰማነውን የጻፍን ጥቂቶች ነን፤ ከጻፍነውም የሚገኘው ከጥቂቱ ጥቂቱ ነው። የሚጻፈውን እንጻፍ፣ የተጻፈው እንዲገኝ እናድርግ። አላህ ያግዘን!